ሆም ቴአትሩ ሞቷል ከማለታችን በፊት፦ ድምፁ የት ጋር እንደጠፋ የሚያሳዩ ሦስት ጥያቄዎች

ቆራሌው በራችን ላይ ቆሞ ዋጋ እየቆረጠ ነበር። የሚሸጠው ዕቃ አባዬ ከዓመታት በፊት ከዱባይ በሚመጣ ሰው ያስመጣው ባለ አምስት ስፒከር ሆም ቴአትር ነው። ቆራሌው ዕቃውን በእጁ መዘን መዘን አድርጎ የጠራት ብር፣ ብነግራችሁ ለአንድ ሰው ምሳ አትበቃም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ለበዓል አዲስ ቲቪ ገዛ። ስስ ነው፤ ምስሉም ያምራል። ድምፁ ግን ለአባዬ ጆሮ አልሆነም። ዜና አንባቢው ሲያወራ "ምን አለ? ምን አለ?" ይላል። እኛ ድምፁን ስንጨምር ማስታወቂያው ይጮኻል፤ ስንቀንስ ንግግሩ ይጠፋል። የድሮውን ሆም ቴአትር እናገናኘው ብንል ደግሞ አዲሱ ቲቪ ጀርባ ላይ ቀይና ነጭ የድምፅ መውጫ የለም። ኤችዲኤምአይ ብቻ።

የቲቪ መለዋወጫ የሚሸጥ ልጅ "ይቺ ትፈታዋለች" ብሎ አንዲት ትንሽ ሳጥን ሸጠልን። ሰካናት። ምስል መጣ፣ ድምፅ ግን የለም። ያመጣነው ሠሪ ሆም ቴአትሩን አየት አድርጎ "መቀበያው ተቃጥሏል፤ ሳውንድ ባር ግዙ" አለን። አዲስ ሳውንድ ባር የእኔን የሁለት ወር ገቢ ይበላል። እንግዲህ ቆራሌው የመጣው በዚህ መሃል ነው።

ሆም ቴአትሩ ግን አልሞተም ነበር። ችግሩ ሳጥኗ ጎን ላይ ያለች፣ ጥፍር የምታክል ስዊች ነበረች። እሷን ወደ ግራ ገፋ ሳደርጋት አምስቱም ባይሆኑ ሁለቱ ስፒከሮች ተናገሩ። አምስቱን ለማናገር ደግሞ አንድ ቀን ፈጀብኝ።

እኔ ቴክኒሻን አይደለሁም። ሥራዬ ጥያቄ መጠየቅ ነው። ያን ቀን የገባኝ ነገር ድምፅ ሲጠፋ "የቱ ዕቃ ተበላሸ?" ብሎ መጀመር ገንዘብ እንደሚያስወጣ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ሦስት ነገር ነው፦ ድምፁ የሚወለደው የት ነው? በየት በኩል ይሄዳል? በምን ቋንቋ ነው የሚናገረው? ሦስቱን በየተራ እንያቸው።

ኤችዲኤምአይ ገመድ ብቻ አይደለም

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። የድሮው ቀይና ነጭ ገመድ ዝም ብሎ ቧንቧ ነው። ከአንዱ ጫፍ ድምፅ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ኤችዲኤምአይ ግን እንደዚያ አይደለም። 19 ፒን ያለው ገመድ ሲሆን ምስልና ድምፅ ከማስተላለፉ በፊት ዕቃዎቹ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ቲቪው "እኔ ይሄን ያህል ጥራት ያለው ምስል እችላለሁ፤ ድምፅ በሁለት ቻናል ብቻ ላክልኝ" ብሎ ይናገራል። ይሄ የችሎታ ዝርዝር ኢዲአይዲ ይባላል። ሪሲቨሩ ወይም ሌላው ማጫወቻ ዝርዝሩን አንብቦ በዚያው ልክ ይልካል።

ስለዚህ ሁሉም ዕቃ ጤነኛ ሆኖም ዝምታ ሊኖር ይችላል። አልተግባቡም ማለት ነው። ሁለት ጤነኛ ሰዎች፣ አንዱ ኦሮምኛ ሌላው ፈረንሳይኛ ብቻ ሲያወሩ እንደማለት። ማንም አልታመመም፤ ግን ወሬ የለም።

ጥያቄ 1፦ ድምፁ የሚወለደው የት ነው?

ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ጋር ነው። ቲቪ ላይ የምናየው ነገር ሁሉ ከአንድ ቦታ አይመጣም።

የዲሽ ቻናል ስታዩ ድምፁ የሚወለደው ሪሲቨሩ ውስጥ ነው። ከዚያ በኤችዲኤምአይ ወደ ቲቪ ይሄዳል። ቲቪው ላይ የተጫነ ዩቲዩብ ወይም ኔትፍሊክስ ስትከፍቱ፣ ወይም ፍላሽ ቲቪው ላይ ስትሰኩ ደግሞ ድምፁ የሚወለደው ራሱ ቲቪው ውስጥ ነው።

ይሄ ለምን ይጠቅመናል? ያቺ ትንሽ ሳጥን (ሻጮቹ ኦዲዮ ኤክስትራክተር ይሏታል) በሪሲቨሩና በቲቪው መሃል ትቀመጣለች። ሥራዋ ከሪሲቨር የሚመጣውን ኤችዲኤምአይ ተቀብላ ምስሉን ወደ ቲቪ ማሳለፍ፣ ድምፁን ነጥላ በሌላ ቀዳዳ ማውጣት ነው። በእሷ በኩል የሚያልፈውን ድምፅ ታወጣለች። ቲቪው ውስጥ የተወለደውን ግን አታገኘውም፤ በእሷ በር አላለፈማ!

"ዲሹ በሆም ቴአትር ይሰማል፣ ዩቲዩብ ግን አይሰማም፤ ሳጥኗ ብልሽት አለባት" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሳጥኗ ምንም አልሆነችም። መንገዱ ነው የተለየው።

ጥያቄ 2፦ በየት በኩል ይሄዳል?

አሁን ስልካችሁን አውጡና የቲቪውንም የሆም ቴአትሩንም ጀርባ ፎቶ አንሱ። በጨለማ አንገት ከማጣመም ፎቶውን አጉልቶ ማየት ይሻላል። የምታዩት ከእነዚህ አንዱን ነው።

ሁለቱም ላይ ከኤችዲኤምአዩ አጠገብ "ኤአርሲ" የሚል ጽሑፍ ካለ ዕድለኞች ናችሁ። ኤአርሲ እ.ኤ.አ. በ2009 ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር የመጣ ሲሆን፣ ቲቪው በዚያው ገመድ ድምፅን ወደ ኋላ እንዲመልስ ያስችላል። ቲቪው ውስጥ የተወለደውም ሆነ ከሪሲቨር የመጣው ድምፅ በአንድ ገመድ ወደ ሆም ቴአትሩ ይሄዳል። ሳጥንም አያስፈልጋችሁ። ግን ልብ በሉ፦ ቲቪው ሦስት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ቢኖረው ኤአርሲ ብዙውን ጊዜ አንዱ ላይ ብቻ ነው ያለው። ገመዱን ሌላኛው ላይ ሰክቶ "አይሠራም" ማለት የተለመደ ስህተት ነው።

ሌላ ወጥመድም አለ። ዲቪዲ ያላቸው የድሮ ሆም ቴአትሮች ላይ ያለው ኤችዲኤምአይ መውጫ ነው። የዲቪዲውን ምስል ወደ ቲቪ ለመላክ የተሠራ እንጂ ድምፅ አይቀበልም። "ኤአርሲ" የሚል ካልተጻፈበት ከቲቪ ድምፅ በእሱ በኩል አትጠብቁ። እኛ ግማሽ ቀን የጠፋን እዚህ ላይ ነው።

ኤአርሲ ከሌለ ቀጣዩ ምርጫ ኦፕቲካል ነው። አራት ማዕዘን የምትመስል ትንሽ ቀዳዳ ናት፤ ድምፁ በኤሌክትሪክ ሳይሆን በብርሃን ነው የሚሄደው። ቲቪው በርቶ ሳለ የገመዱ ሌላኛው ጫፍ ላይ ቀይ ብርሃን ከታየ ቲቪው እየላከ ነው። አዲስ ኦፕቲካል ገመድ ስትገዙ ሁለቱም ጫፍ ላይ ያለችውን ሚጢጢ የፕላስቲክ ክዳን ማውለቅ እንዳትረሱ። ክዳኗን ሳያወልቁ ገፍተው ቀዳዳውን የሰበሩ አሉ።

ሦስተኛው ቀይና ነጭ ጃክ ነው። የሚያሳልፈው ግራና ቀኝ፣ ማለትም ሁለት ቻናል ብቻ ነው። ሆም ቴአትሩ አምስት ስፒከር ስላለው ብቻ አምስት የተለያየ ድምፅ በሁለት ገመድ አይገባም።

አንዳንድ አምፕሊፋየሮችና የኮምፒውተር ስፒከሮች ደግሞ ስድስት መግቢያ (ወይም ሦስት የጆሮ ማዳመጫ የሚመስል ቀዳዳ) አላቸው። ለእነሱ የሚያስፈልገው ተራ ኤክስትራክተር ሳይሆን ዲኮደር ያለው ሳጥን ነው፤ የታመቀውን ድምፅ ፈትቶ በስድስት መስመር የሚያከፋፍል። ስትገዙ "5.1 በኦፕቲካል ያሳልፋል" እና "5.1 ፈትቶ በስድስት ጃክ ያወጣል" የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ እወቁ። ሻጩን ቁርጥ አድርጋችሁ ጠይቁት፤ ሳጥኗ ጀርባ ላይ ያሉትንም ቀዳዳዎች ራሳችሁ ቁጠሩ።

ጥያቄ 3፦ በምን ቋንቋ ነው የሚናገረው?

የእኛን ቤት ምስጢር የፈታው ይሄኛው ነው።

ዲጂታል ድምፅ በሁለት መልክ ይሄዳል። አንደኛው ፒሲኤም ይባላል፤ ጥሬ፣ ያልታመቀ ድምፅ ነው። ሁለተኛው እንደ ዶልቢ ዲጂታል እና ዲቲኤስ ያለ የታመቀ ድምፅ ነው፤ ፋይል ዚፕ አድርጎ እንደመላክ። ተቀባዩ መፍታት ካልቻለ ምንም አይሰማም።

ለምን ያምቁታል? ስሌቱ ቀላል ነው። ባለ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 16 ቢት ጥሬ ስቴሪዮ በሰከንድ 1.5 ሜጋ ቢት ገደማ ይፈጃል። ስድስቱም ቻናል ጥሬውን ይሂድ ቢባል ሦስት እጥፍ፣ ወደ 4.6 ሜጋ ቢት ይሆናል። ኦፕቲካልም ሆነ ተራው ኤአርሲ ይሄን አይሸከሙም። ዶልቢ ዲጂታል ግን ስድስቱን ቻናል ቢበዛ በ640 ኪሎ ቢት ውስጥ ያጭቀዋል። ስለዚህ በእነዚህ መንገዶች 5.1 ማግኘት የሚቻለው ታምቆ ሲሄድ ብቻ ነው። ኢ-ኤአርሲ የሚባለውና በ2017 ከኤችዲኤምአይ 2.1 ጋር የመጣው አዲሱ መንገድ ወደ 37 ሜጋ ቢት ስለሚያሳልፍ ጥሬውንም ይችላል። ለእሱ ግን ቲቪውም ሆም ቴአትሩም አዲስ መሆን አለባቸው።

አሁን ወደ ስዊቿ እንመለስ። ብዙዎቹ ሳጥኖች ላይ ሦስት ቦታ ያላት ስዊች አለች፦ "ፓስ"፣ "2ሲኤች" እና "5.1"። ድምፁን የምትለውጥ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሳጥኗ ለሪሲቨሩ የምትነግረውን ዝርዝር ነው የምትለውጠው። "2ሲኤች" ላይ ስታደርጓት "ጥሬ ስቴሪዮ ላክልኝ" ትላለች። "5.1" ላይ ስትሆን "የታመቀውን ላክልኝ፣ የሚፈታው አለ" ትላለች። "ፓስ" ላይ ደግሞ የራሷን ነገር ትታ የቲቪውን ዝርዝር እንዳለ ታስተላልፋለች።

የእኛዋ "5.1" ላይ ነበረች። ስፒከሩ 5.1 ስለሆነ ማንም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርጋት! ግን የሰካነው ቀይና ነጭ ጃክ ነበር። ርካሾቹ ሳጥኖች የታመቀውን ድምፅ ፈትተው በቀይና ነጭ ማውጣት አይችሉም፤ ስለዚህ ዝም። "2ሲኤች" ስትሆን ሪሲቨሩ ጥሬውን ላከ፣ ድምፅ መጣ። በቃ። "ተቃጥሏል" የተባለው ይሄ ነው።

ሕጉን በአንድ መስመር ያዙት፦ ቀይና ነጭ ከሰካችሁ "2ሲኤች"፤ ኦፕቲካል ሰክታችሁ ሆም ቴአትሩ ላይ የዶልቢ ዲጂታል ምልክት ካለ "5.1"።

ቲቪው ውስጥ ያለው ሴቲንግም ያው ነው። ድምፅ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ "ዲጂታል አውትፑት" ወይም ተመሳሳይ ስም ፈልጉ። ፒሲኤም ካላችሁት ጥሬ ስቴሪዮ ይወጣል፤ ሁሉም ተቀባይ ይገባዋል። ቢትስትሪም፣ ፓስ ስሩ ወይም ዶልቢ ዲጂታል ካላችሁት የታመቀው ይወጣል። ድምፅ ጨርሶ ከጠፋባችሁ መጀመሪያ ፒሲኤም አድርጉ። ከተሰማ መንገዱ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ቋንቋ ነው።

ፍላሽ ላይ ያለ ፊልም ምስሉ እየታየ ድምፁ የማይሰማባችሁስ? ብዙውን ጊዜ ፊልሙ ዲቲኤስ ሆኖ ቲቪው የማይችለው ሆኖ ነው። ለምሳሌ ሳምሰንግ ከ2018 ሞዴሎቹ ላይ ዲቲኤስን አስወጥቷል። ከሌላ ቲቪ ጋር ይሠራ የነበረው ፍላሽ እዚህ ዝም ቢል ፍላሹም ቲቪውም አልተበላሸም።

እኛ አምስቱን ስፒከር እንዴት አገኘን?

ሆም ቴአትራችን ኦፕቲካል መግቢያ ነበረው። ሳጥናችን ላይ ደግሞ "ኤአርሲ" የምትል ሌላ ስዊች አለች። የሳጥኗን ኤችዲኤምአይ መውጫ ቲቪው ላይ ኤአርሲ ከሚለው ቀዳዳ ጋር አገናኘን፣ ኦፕቲካሉን ወደ ሆም ቴአትሩ ወሰድን። ቲቪው ላይ ሲኢሲ የሚባለውን ማብራትም አለባችሁ፤ ሳምሰንግ ላይ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ላይ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ላይ ብራቪያ ሲንክ ይባላል። ቀጥሎ የቲቪውን የድምፅ መውጫ ከራሱ ስፒከር ወደ ኤአርሲ መቀየር ነው። ከዚያ ፍላሽ ላይ ያለው ዶልቢ ፊልምም በአምስቱ ስፒከር ተናገረ።

እውነቱን ለመናገር ግን ብዙ የዲሽ ቻናልና አብዛኛው የዩቲዩብ ቪዲዮ የሚመጣው በሁለት ቻናል ነው። ለእነዚህ የሆም ቴአትሩ ሪሞት ላይ "ፕሮ ሎጂክ" የሚል የድምፅ ዓይነት ካለ ምረጡ። ግራና ቀኝ ላይ እኩል የተቀዳውን ድምፅ፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ የሰው ንግግርን፣ ለይቶ ወደ መሃለኛው ስፒከር ይልካል። ለአባዬ ከሁሉም በላይ የጠቀመው ይቺ ናት። መሃለኛውን ስፒከር ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ አደረግንለት። ዜናው ጥርት ብሎ ተሰማው።

ስፒከሮቹን የት እናስቀምጥ?

አምስቱንም ቲቪው ሥር መደርደር ይቅር። መሃለኛው ከቲቪው በታች ወይም በላይ፣ ፊቱ ወደ ሰው። የፊት ግራና ቀኝ ከተቀመጣችሁበት ሲታዩ ከመሃሉ በግምት ከ22 እስከ 30 ዲግሪ ከፈት ያሉ። የኋለኞቹ ከጎን ወይም ትንሽ ከኋላ፣ ከ90 እስከ 110 ዲግሪ፣ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍ ብለው። ሳሎን ጠባብ ከሆነ ዲግሪው አያስጨንቃችሁ፤ ግራና ቀኙ እኩል ይራቁ።

ሴቲንጉ ርቀት ከጠየቃችሁ በሜትር ለክታችሁ አስገቡ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ አንድ ሜትር ልዩነት ወደ 3 ሚሊ ሰከንድ ነው። ዕቃው የቀረበውን ስፒከር አዘግይቶ ሁሉም እኩል እንዲደርስ ያደርጋል። "ቴስት ቶን" ካለም አብሩና የስልክ የድምፅ መለኪያ አፕ ይዛችሁ የምትቀመጡበት ቦታ ላይ ሆናችሁ አምስቱን እኩል አድርጉ። የስልኩ ቁጥር ልክ ላይሆን ይችላል፤ ማወዳደሪያ ግን ይሆናል። ባዙን ደግሞ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሰዎች፣ ከታች ያለው ጎረቤት ሳይመጣ ራሳችሁ ቀንሱት።

ከንፈርና ድምፅ ካልገጠመ

ቲቪው ምስሉን ለማሳመር ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ድምፁ ቀድሞ ይደርሳል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እንደሚለው ድምፅ ከምስሉ 45 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ከቀደመ እናስተውላለን፤ ከዘገየ ግን እስከ 125 ገደማ ልብ ላንለው እንችላለን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መብረቁን አይተን ነው ነጎድጓዱን የምንሰማው፣ አእምሯችን የዘገየ ድምፅ ለምዷል። ሆም ቴአትሩ ላይ "ኦዲዮ ዲሌይ" ወይም "ሊፕ ሲንክ" ካለ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። ከሌለ የቲቪውን ምስል ማሳመሪያዎች አጥፉ ወይም "ጌም ሞድ" ሞክሩ፤ ምስሉ ይፈጥናል።

ከመሸጣችሁ በፊት

ገመድ ስትሰኩና ስትነቅሉ ዕቃዎቹን ከሶኬት ንቀሉ። ሳጥኗ በ5 ቮልት የምትሠራ ከሆነ ቀዳዳው ገጠመ ብላችሁ የሪሲቨሩን 12 ቮልት አዳፕተር አትስጧት፤ ያኔ እውነት ትቃጠላለች። ባለ 4ኬ ማጫወቻ ካላችሁ ሳጥኗ 4ኬ እንደምታሳልፍ ሳታረጋግጡ አትግዙ፤ 1080ፒ ብቻ ከሆነች ምስላችሁም ወደዚያ ይወርዳል።

ድምፅ ሲጠፋ ደግሞ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። ሁሉንም ከሶኬት ነቅላችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፤ መጀመሪያ ቲቪውን፣ ከዚያ ሳጥኗንና ሆም ቴአትሩን፣ በመጨረሻ ሪሲቨሩን አብሩ፤ ንግግሩን እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ሆም ቴአትሩ ትክክለኛው መግቢያ ላይ መሆኑን በሪሞት እዩ። ቀጥሎ ፒሲኤም ወይም "2ሲኤች"። ቀጥሎ ሌላ ገመድ። ቀይና ነጭ መግቢያው ተቃጥሏል ከተባላችሁ ስልካችሁን በጃክ እዚያው ላይ ሰክታችሁ ሙዚቃ ክፈቱ። ሙዚቃው ከተሰማ መግቢያው ደህና ነው፤ ሠሪውን በትሕትና አመስግናችሁ ሸኙት። ይሄን ሙከራ ያን ቀን ብናውቀው ቆራሌው ባልተጠራ ነበር።

ቆራሌው ያን ዕለት ሁለት አሮጌ ብረት ድስት ይዞ ሄደ። አባዬ አሁን ዜናውን ከወንበሩ ሳይነሳ ይሰማል። አዲሱ ችግራችን ሪሞቱን አለማስነካቱ ነው።

እናንተ ቤት ዝም ያለ ሆም ቴአትር አለ? የጀርባውን ፎቶ አንሱና ኮሜንት ላይ አስቀምጡት፤ ሦስቱን ጥያቄ አብረን እንጠይቀው። ሊሸጥ የተዘጋጀ ዕቃ ያለው ጓደኛ ካላችሁም ቀድማችሁ ሼር አድርጉለት።